ልጁን ቤት አትተዉት

«ፖለቲካና ኤሌክትሪክን በሩቁ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ዛሬ ወላጆች ሆነናል፤ ምክሩንም ሳንናገረው እያወረስነው ነው። የምርጫ ቀን ሲደርስ ልጆቹን ጎረቤት አስቀምጠን እንወጣለን። «ልጅ እዚያ ምን ይሠራል?» ይባላል። እኔ ደግሞ የልጅ ቦታ እዚያው ሰልፉ ላይ፣ ከወላጁ ጎን ነው እላለሁ።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. እኔም የሰባት ዓመት ልጄን ቤት ትቼ ወጣሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ የድምፅ መስጫው ጊዜ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የተራዘመበት ዕለት ነው። ስመለስ ጣቴን ይዛ የመረጠ ሰው የሚቀባውን ቀለም በምራቋ እያሸች «አባዬ፣ ምን ነክቶህ ነው?» አለችኝ። «ምንም አይደል፣ ይለቃል» አልኳት። ያ መልስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሕጋችን ሰው የሚመርጠው 18 ዓመት ሲሞላው ነው። ነገር ግን በልደቱ ዋዜማ ተኝቶ መራጭ ሆኖ የሚነሳ የለም። ለቅሶ መድረስን፣ ሽማግሌ ሲናገር ማዳመጥን፣ የእድር ድንኳን መትከልን ለልጆቻችን ያስተማርናቸው ይዘናቸው እየሄድን ነው። ድምፅ መስጠትን ብቻ ለምን በወሬ ይማሩት?

አሜሪካ ውስጥ በአሪዞና የተጀመረ «ኪድስ ቮቲንግ» የሚባል ፕሮግራም አለ። ጀማሪዎቹ ሐሳቡን ያገኙት ኮስታሪካ ሄደው፣ ልጆች ወላጆቻቸውን ተከትለው ወደ ምርጫ ጣቢያ የመሄድ ልማድ እንዳላቸው ሲሰሙ ነው። ልጆቹ ስለ ምርጫው ክፍል ውስጥ ይማራሉ፤ ከዚያ ከወላጆቻቸው ጋር ሄደው ለብቻቸው በተዘጋጀ ወረቀት ይመርጣሉ። ድምፃቸው ከትልልቆቹ ጋር አይደመርም። በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ፕሮግራሙን ያጠኑ ተመራማሪዎች ልጆቹ ጨዋታውን ቤት ይዘው እየገቡ ወላጆቻቸውንም ስለ ምርጫው ማነጋገራቸውን አይተዋል።

«ልጅ ያየውን ያወራል፤ ማንን እንደመረጥን ሰፈሩ ያውቃል» የሚሉ አሉ። ከምርጫ 97 በኋላ ደም በፈሰሰበት አገር ይህን ስጋት አላቃልለውም። መልሱ ግን ቀላል ነው፦ ምስጢራዊው ክፍል የመራጩ ብቻ ይሁን፣ ልጁ ውጭ ይጠብቅ። እናቱ ብቻዋን ገብታ ስትወጣ ያየ ልጅ፣ አባቱ እንኳ «ማንን መረጥሽ?» ብሎ ሊያስገድዳት የማይችልበት መብት እንዳላት ያውቃል። ይህን የሚያህል ትምህርት የትኛው መጽሐፍ ይሰጠዋል?

ልጅን የፓርቲ ቲሸርት አልብሶ መፈክር ማስጮህ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አጥብቄ እቃወማለሁ። ልጅ ማየት ያለበት እንዴት እንደሚመረጥ ነው። ማን እንደሚመረጥ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይወስን።

በሚቀጥለው ምርጫ ልጄ አብራኝ ትሰለፋለች። ታዛቢው የት እንደሚቀመጥ፣ ወረቀቱ እንዴት ታጥፎ ኮሮጆ ውስጥ እንደሚገባ በዓይኗ ታያለች። ስለ ቀለሙ ስትጠይቀኝም በደንብ እመልስላታለሁ። እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።