ማርሚታውን መልሱለት!

ባለ ስድስት ሲሊንደር ስፖርት መኪና ጎንደር ሲገባ የመጀመሪያ ጉብኝቱ ፋሲል ግቢ አይደለም፤ ብየዳ ቤት ነው። ባለቤቱ (አብዛኛውን ጊዜ የአጎቱን ወይም ከውጭ የመጣ ወንድሙን መኪና የያዘ ጎረምሳ ነው) የመንገዱ አቧራ ሳይራገፍ ማርሚታውን ያስቆርጣል። ለምን? «ሞተሩ እንዲተነፍስ!» ከዚያ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል እየጮኸ ይወርዳል። መንገደኛው ዞር ብሎ ያየዋል፣ ሕፃናት ይከተሉታል፣ ውሻው ሁሉ ያብዳል። እስኪ ሲመለስ እዩት! ዳገቱን ሲጀምር ያ ሁሉ ግርማ የት እንደሚገባ እንጃ። ድምፁ አለ፤ መኪናው ግን አይሄድም። ከኋላው እህል የጫነ አይሱዙ (ያ ድሮ «አልቃይዳ» ስንለው የነበረው) መብራቱን እያብለጨለጨ «ወይ ሂድ ወይ አሳልፍ» ይለዋል።

እኛ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት ሰልችቶናል።

ከአሁኑ እንግባባ፤ ስፖርት መኪና ጠል አይደለንም። «በዚህ ኑሮ ውድነት፣ በዚህ መንገድ ስፖርት መኪና ምን ያደርጋል?» ከሚሉት ጋርም አንቆምም። ሰው የሚወደው ነገር ይኑረው። በተለይ ስድስቱ ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረበት ሞተር የሚወደድ ነገር ነው፤ ፒስቶኖቹ አንዱ የሌላውን ንዝረት ስለሚያጠፋ እንደ ስፌት መኪና ለስልሶ ይሽከረከራል። ለአፍሪካ መንገድ አይሆንም የሚለንም ታሪክ ያንብብ። ዳትሰን 240ዜድ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ስፖርት መኪና፣ ጎረቤታችን ኬንያ እምብርት በሆነችበት የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1973 አንደኛ ወጥቷል። በጭቃውና በአቧራው! ስለዚህ ጠባችን ከመኪናው ጋር አይደለም። ጠባችን ጩኸትን ጉልበት ብሎ ከሚሸጠውና ከሚገዛው ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ጉልበት የሚያወጣው ነዳጅ ስለጠጣ ብቻ አይደለም፤ አየር ስለሳበ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው (ባሕር ዳርን አላልንም፣ እሷም ተራራ ላይ ናት) ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። በሌላ አባባል ሦስት ሺህ ሲሲ ብላችሁ የገዛችሁት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ጎንደር ላይ የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ 2,300 ሲሲ ሞተር የሚስበውን ያህል ነው። ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ስትደርሱ፣ 2,850 ሜትር አካባቢ፣ ጉድለቱ ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። ስሜን ውስጥ መንገዱ ቧሂት ማለፊያ ላይ 4,200 ሜትር ግድም ሲደርስ ደግሞ 40 በመቶው የለም። ለዚህ ሲሲ ሁሉ ቀረጥ ከፍላችኋል እኮ!

ቀረጥ ካነሳን አይቀር፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1800 በላይ 100 በመቶ ይከፈል ነበር። የ2012 ዓ.ም. አዋጅ ደግሞ አሮጌ መኪና ላይ ጨመረበት። አዲስ አበባ ተቀምጦ (እሷም ቆላ አይደለችም!) ሞተርን በሲሲ ብቻ የለካ ሰው ከፍታን የረሳ ሰው ነው። ደጋ ላይ ትልቅ ሞተር ቅንጦት የሚሆነው ለቀራጩ ብቻ ነው። አንድ ሺህ ሲሲዋ ቪትዝ አምስት ሰው ይዛ ደባርቅ ስትወጣ ሰባት መቶ ሲሲ ሆና ነው የምትወጣው፤ ያሳዝናል። የመንግሥትን ነገር እዚህ ላይ እንተወውና ወደ ጋራዡ እንመለስ።

የስፖርት መኪና ችግር አየሩ ብቻ አይደለም። ሞተሩ የተሠራው ላይ ላይ እንዲሠራ ነው። የዚያ የ240ዜድ ሞተር ከፍተኛውን የመጠምዘዝ ኃይል (መካኒኮቻችን «ቶርክ» የሚሉትን) የሚሰጠው በደቂቃ 4,400 ዙር ላይ ነበር። አሁን ደግሞ ቱሪስት ጭኖ ስሜን የሚመላለሰውን ላንድክሩዘር ተመልከቱ። አብዛኛው ያረጀው ዓይነት ውስጥ ያለው 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ስሙ 1ኤችዜድ፣ እሱም ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው። እሱ ግን ያለ የሌለ ኃይሉን 2,200 ዙር ላይ ይሰጣል። በግማሹ! ውድድር ላይ ይሸነፋል፤ ሊማሊሞ ላይ ግን ማንም አይስቅበትም። የኛ መንገድ ደግሞ ጠመዝማዛ፣ አህያና ጋሪ የሚያቋርጠው፣ ባጃጅ በድንገት የሚቆምበት ነው። 4,400 ዙር ላይ የምትቆዩት ስንት ሰከንድ ነው? ጉልበቱ የሚያስፈልገን ከ1,500 እስከ 3,000 ዙር ባለው ውስጥ ነው፤ ታች።

ታዲያ ማርሚታ ማስቆረጥ ታች ያለውን ጉልበት ይጨምራል ወይ? አይጨምርም። የኋላውን ማርሚታ ብቻ ማንሳት ከጩኸት በቀር ይህን ያህል የሚለውጠው ነገር የለም። የባሰው ቱቦውን ከላይ ከኮለቶሬው ጀምሮ ማስፋት ነው። የተቃጠለው ጋዝ በጠባብ ቱቦ ሲወጣ ፍጥነት አለው፤ ከፊቱ የወጣው ከኋላው ያለውን ይስበዋል፣ ሲሊንደሩም ንጹሕ አየር ለመቀበል ይዘጋጃል። ቱቦው ሲሰፋ በዝቅተኛ ዙር ጋዙ ይዝላል፤ መሳቡ ይቀራል። «ይተንፍስ» ያላችሁት ሞተር ታች ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል ማለት ነው። ኮለቶሬ መቀየር የግድ ካማራችሁ፣ የፊቶቹን ሦስት ሲሊንደሮች ለብቻ፣ የኋላዎቹን ሦስት ለብቻ ሰብስቦ ወደ ታች ሄዶ የሚያገናኝ፣ ቱቦዎቹ ረዘም ያሉ ይሁኑ። በቀጥታ ስድስት ሲሊንደር ውስጥ እሳቱ የሚነሳው አንዴ ከፊቶቹ አንዴ ከኋላዎቹ እየተፈራረቀ ስለሆነ፣ እንዲህ ሲለያዩ አንዱ የሌላውን መንገድ አይዘጋም። ይህን የሚሠራ ብየዳ ቤት ካገኛችሁ ለኛም ጠቁሙን።

ከዚያ በፊት ግን ሰዉ የሚንቀው ሥራ አለ፦ ሰርቪስ። ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኖ፣ ካንዴላው አልቆ፣ ቫልቮላው ሳይስተካከል ዓመታት ያለፈው ሞተር ላይ «ጉልበት መጨመሪያ» መግጠም በባዶ ሆዱ ላለ ሰው ከረባት እንደመግዛት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። መካኒኩ ኮምፕሬሽን ይለካል፣ መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር አንድ አምስተኛ ያህል ጎድሎ ያገኘዋል፣ «ሞተሩ አልቋል፣ ይፈታ!» ይላል። ጌታዬ፣ ሞተሩ ላያልቅ ይችላል፤ ጎንደር ላይ ስለተለካ ነው! መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር ነው። መታየት ያለበት ስድስቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ ተቀራራቢ መሆናቸው ነው። በዚህ ስንት ደህና ሞተር እንደተፈታ ቤቱ ይቁጠረው። ካርቡሬተር ላለው አሮጌ መኪና ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታልና የነዳጁን ቀዳዳ አንድ ደረጃ ማጥበብ ጥቁሩን ጭስም ያጠፋል፣ ጉልበትም ይመልሳል። ዴንቨር ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ፤ እነሱ 1,600 ሜትር ላይ ሆነው እንኳ የሚቀዱት ቤንዚን ለከፍታው ተብሎ ለብቻው የተመደበ ነው።

አሁን ወደ ዋናው መጣን፦ ዲፈረንሻል። ማንም ፎቶ አያነሳውም፣ አይጮኽም፣ አያብረቀርቅም፤ ለዚህ ይሆናል የተጠላው። የዲፈረንሻሉን ጥርስ ከ3.5 ወደ 4.1 ብትቀይሩ፣ በእያንዳንዱ ማርሽ ጎማው ላይ የሚደርሰው ኃይል 17 በመቶ ይጨምራል። ከፍታው ከወሰደባችሁ አብዛኛውን መለሳችሁ ማለት ነው! ዋጋው? በተመሳሳይ ፍጥነት ሞተሩ 17 በመቶ በፈጠነ ዙር ይሠራል፣ ከፍተኛው ፍጥነት ይቀንሳል። ታዲያ ምን አባቱ! ከአዘዞ ፒያሳ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ማን ሊነዳ ነው? (የፍጥነት መለኪያው እንዳይዋሻችሁ ግን አስተካክሉት።) የሚያስቀው ደግሞ ይሄው ልጅ በሌላ በኩል ትልልቅ ሪም ይገጥማል። የጎማው ቁመት በ8 በመቶ ካደገ፣ መሬቱን የሚገፋበት ኃይል ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። በገንዘቡ ጉልበቱን ሸጠ ማለት አይደለም?

«ቱርቦ እናስገባ» ባዮች አላችሁ። ደጋ ላይ ቱርቦ ትክክለኛ መልስ ነው፤ የሳሳውን አየር ጠቅጥቆ ይሰጣል። ግን የቱ ቱርቦ? ልጆቻችን የሚመኙት ትልቁን ነው። ትልቁ ቱርቦ ታች ላይ ተኝቶ ይቆይና ኩርባውን ካለፋችሁ በኋላ ይነቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! የቶዮታ ሱፕራው 2ጄዜድ-ጂቲኢ ሁለት ቱርቦ የተገጠመለት ያለ ነገር አልነበረም፤ በዝቅተኛ ዙር አንዱ ብቻ ይሠራል፣ 4,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ ሁለተኛው ይጨመራል። የሠሩት ሰዎች ታች ያለውን ጉልበት አስበውበታል። እኛ ጋ ሲደርስ ሁለቱ ይነቀሉና አንድ ግዙፍ ይገጠማል፤ ለፉጨቱ።

«መኪናው የኔ፣ ብሩ የኔ፣ ምን አገባችሁ?» ይባል ይሆናል። ያገባናል። ሆስፒታሉ በር ላይ የሚያልፈው ጩኸት የናንተ ብቻ አይደለም። ዋናው ግን ሊማሊሞ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው ያ መንገድ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣ መኪና ቁልቁለት ላይም የሚይዘው ነገር የለውም፤ ሰው ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ ይለቀዋል። በቤንዚን ሞተር ፍሬኑን የሚያግዘው መሣሪያ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት ነው፤ ያ ግፊት ደባርቅ ላይ በ30 በመቶ ያነሰ ነው። ስለዚህ ፔዳሉ ይጠነክራል፣ ሸራው ይግላል፣ ሞተሩን ያጠፋ ደግሞ ጥቂት ጊዜ ከረገጠ በኋላ እገዛ የሚባል አያገኝም። እዚያ ላይ የሚያድን ዝቅተኛ ማርሽና አጠር ያለ ዲፈረንሻል ነው። ያ 17 በመቶ ወደ ላይ እንደገፋችሁ ሁሉ ወደ ታች ይዛችኋል። የተቆረጠው ማርሚታ ገደሉን ማስጠንቀቅ ካልሆነ ምን ይረዳል?

አንድ መራራ ነገር ደግሞ ለቤንዚን ወዳጆች። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል የዳገት ውድድር አለ። መነሻው 2,862 ሜትር፣ ደባርቅን በሉት፤ መድረሻው 4,302 ሜትር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሴባስቲያን ሎብ ባለ 875 ፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ቱርቦ፣ ስድስት ሲሊንደር በሆነ ፔጆ በ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ወጣው። ሁሉም «ይሄ አይሰበርም» አለ። በ2018 ሮማን ዱማ 680 ፈረስ ጉልበት ባለው ኤሌክትሪክ ፎልክስዋገን 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ገባ። በጉልበት ያንሳል፣ ግን ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ከፍታው የሚቀንስበት ነገር የለም፣ ቶርኩንም ከዜሮ ጀምሮ ሙሉውን ይሰጣል። እኛ አገር ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት እንዲቆም ተወስኗል። ስለዚህ አሁን በእጃችሁ ያለው ስድስት ሲሊንደር ተተኪ የለውም። ቁረጡት፣ ብየዱት፣ ከዚያ ሌላ ታገኙ እንደሆነ እናያለን።

አላመናችሁንም? እንግዲያው እንወራረድ። መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወስደው ዳገት ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ተነስታችሁ 50 እስክትደርሱ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ጓደኛችሁ ይያዝ። አንዴ ማርሚታው እንዳለ፣ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ፣ አንዴ ደግሞ ዲፈረንሻል ከቀየረ ሰው ጋር። ወረቀቱን ይዛችሁ ፒያሳ ኑ። ማርሚታ መቁረጥ አንድ ሰከንድ እንኳ ካስገኘላችሁ ማኪያቶው በኛ ነው፤ ካላስገኘ ደግሞ ብየዳ ቤት አብረን እንሄዳለን፣ ለማስመለስ።