ዘመድ ለሌለው እንግዳ

መስከረም አጋማሽ ላይ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወጣውን መንገድ ያየ ሰው፣ ጉራጌ የአገሪቱ ዋና የቱሪስት መዳረሻ ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። መርካቶ ገሚሱ ይዘጋል፤ ሚኒባሱ ትርፍ ይጭናል፤ የቤት መኪናው ጣሪያ ላይ ፍራሹና ለእናት የተገዛው ብርድ ልብስ ይታሰራል። ወሊሶን አልፎ እስከ ወልቂጤ ድረስ ሰልፍ ነው። ለዓረፋም እንዲሁ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን እዚህ ከወልቂጤ ወጣ ባለችው ጉብሬ ዳር ቁጭ ብሎ መኪና የሚቆጥር ሰው የሚያየው አይሱዙ፣ የባሕር ዛፍ አጣና የጫነ መኪናና ተማሪ የሚያመላልስ ሚኒባስ ነው።

ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያመጣው ሽርሽር ሳይሆን እናት ናት። መጪው የሚያድርበትን ቤት ያውቃል። ቆጮው ጉድጓድ ከገባ ወራት ሆኖታል፣ ቅቤው ተነጥሮ ተቀምጧል፣ ሰንጋው በመዋጮ ተገዝቷል። ዋጋ የሚጠይቅ የለም፣ ደረሰኝ የሚቆርጥም የለም። በዚህ ዓይነት መስተንግዶ ጉራጌን እበልጣለሁ የሚል ካለ ይምጣ። የእኔ ቅሬታ፣ እንግዳ መቀበልን ከዘመድነት ውጭ አስበነው አለማወቃችን ላይ ነው። ወልቂጤ መናኸሪያ ወርዶ «ምን የሚታይ አለ?» ለሚል ባዳ፣ መልስ የሚሰጥ ሰው የተቀመጠበት አንድ ጠረጴዛ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ጉብሬ ላይ ይህ ጉዳይ በየምረቃው ይፈተናል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከከተማው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ እዚሁ የተተከለ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን ልጆች ሲጎርፉበት ኖረዋል። ልጆቹ አራት አምስት ዓመት ተቀምጠው ከዶርም፣ ከላውንጅና ከመናኸሪያው ውጭ ሳያውቁ ይሄዳሉ። በምረቃ ሰሞን ደግሞ ወላጅ ይመጣል። የወልቂጤ አልጋ ቤቶች ይሞላሉ፣ የተረፈው በየግለሰቡ ቤት ፍራሽ እየተነጠፈለት ያድራል።

ባለፈው አንድ ከጎጃም የመጡ አባት ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ከአጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል፤ ልጃቸው ጋውኑን እንደለበሰ ከጓደኞቹ ጋር ፎቶ ሊነሳ ሄዷል።

«የኔ ወንድም፣ እስከ ነገ ጧት መኪና የለም አሉን። እንዲያው በዚህ አገር የሚታይ ነገር አለ?»

«ምን ዓይነት ነገር ፈልገው ነው፣ አባቴ?»

«እኔ ምን አውቄ! ገዳምም ይሁን ፏፏቴም ይሁን። አራት ዓመት ልጄን ያኖረልኝን አገር ሳላየው ልሂድ?»

ምሁር ኢየሱስ ገዳም እንዳለ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። «በምን ይኬዳል?» ሲሉ ግን ነገሩ ተበላሸ። በቀጥታ የሚሄድ መኪና ላገኝላቸው አልቻልኩም፤ ኮንትራት የጠየቅነው ሹፌር የጠራው ዋጋ ደግሞ ከቤታቸው ጉብሬ ድረስ የከፈሉትን የሚያስንቅ ነበር። ሽማግሌው ሳቁና ሁለተኛ ሻይ አዘዙ።

የሚታይ ነገር አንሶን ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ከአዲስ አበባ በዓለም ገና ወጥቶ ወደ ቡታጅራ የሚወርደውን መንገድ ብቻ ውሰዱ። አዋሽ ላይ መልካ ቁንጥሬ አለ፤ የጥንቱ ሰው ድንጋይ እየፈለጠ መሣሪያ የሠራበት ስፍራ ነው፣ ባልጪት ከተባለው ስፍራ ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ ቀጥሎ አዳዲ ማርያም አለች፣ ከአለት የተፈለፈለች፤ ላሊበላ ድረስ መሄድ ላልቻለ አዲስ አበቤ የአንድ ጧት መንገድ ናት።

ከዚያ ጢያ። 36 ትክል ድንጋይ፣ 32ቱ የተቀረጹ፤ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የሚታወቁ። አጥሩን አልፎ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሰይፎቹን ነው። አንዱ ድንጋይ ላይ ሁለት፣ ሌላው ላይ እንደ ታጠፈ ሰልፍ የተደረደሩ፤ አስጎብኚዎቹ የሰይፉ ቁጥር ሟቹ የጣለው ጠላት ቁጥር ነው ይላሉ። ከሰይፉ ዝቅ ብሎ ቅርንጫፍ የመሰለ ምልክት አለ። አንዱ እንሰት ነው ይላል፣ ሌላው የራስ ማስደገፊያ በርኩማ ነው ይላል። እኔ እንሰት ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ማስረጃ ኖሮኝ ሳይሆን አገሬን ስለማውቅ። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ከድንጋዮቹ ሥር ሲቆፍሩ ያገኙት መቃብር ነው፤ በእናት ማሕፀን እንዳለ ሕፃን ታጥፈው የተቀበሩ፣ ብዙዎቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆኑ ወጣቶች። ለምን በዚያ ዕድሜ በአንድ ስፍራ እንደተቀበሩ ድንጋዩ አይናገርም። ይህን የመሰለ ነገር ከአዲስ አበባ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ እያለ፣ አብዛኛው ሰው በመኪና መስኮት የጢያን ከተማ አይቶ፣ በቆሎ እሸት ገዝቶ ያልፋል።

ወረድ ሲሉ ምድረ ከብድ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ፣ መጋቢት 5 ሕዝብ የሚተምበት። ቡታጅራ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ ተኝታለች። ከቡታጅራ ትንሽ አለፍ ብሎ ሐረ ሸይጣን ነው፤ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጎድጓዳ፣ ታች አረንጓዴ ውኃ። አፋፉ ላይ ቆሞ ድንጋይ ቢወረውሩ ውኃው ዘንድ አይደርስም ይባላል። ሕፃናቱ ድንጋይ አቀብለው «ሞክሩ» ይላሉ፤ ሁሉም ይሞክራል፣ ኩራተኛውም።

እስቲ አሁን ይህን የአንድ ቀን መንገድ በመዋቅር አስሉት። መልካ ቁንጥሬና አዳዲ ማርያም ኦሮሚያ ናቸው። ጢያና ቡታጅራ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ፣ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ናቸው። ሐረ ሸይጣን ስልጤ ነው። እኛ ወልቂጤና ጉብሬ ያለነው ጉራጌ ዞን ቀረን። ዞን መለየቱ ልክ ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ ዛሬ አልገባበትም። ተጓዡ ግን መኪና ውስጥ ሆኖ ድንበር አይታየውም። እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የሚያስተዋውቀው የራሱን አንድ ሁለት ስፍራ ብቻ ከሆነ፣ መንገዱን ሙሉውን የሚያስተዋውቀው ማነው?

በእኛ በኩል ያለው ሀብት ደግሞ እንደ ጢያ አጥር የሚታጠርለት አይደለም። ከወልቂጤ በታች የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ አለ፣ ጉማሬውም እዚያው። ቸሃ ውስጥ አብሬት አለ፤ በመውሊድ ሰሞን ከየአገሩ ዚያራ የሚመጣውን ሕዝብ ያላየ ብዙ ሕዝብ አይቻለሁ አይበል። ሽቅብ ወደ ጉመር ሲወጡ አረቅጥ ብርድ ነው፤ እንሰቱ ከገብስ ጋር ጎን ለጎን ይበቅላል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ጀፎረ ነው።

ጀፎረን ላላየ ሰው እንዲህ ነው። በመንደሩ መሃል ሰፊ የሣር መንገድ ይዘረጋል፣ አንዳንዱ የኳስ ሜዳ ስፋት ያለው። ግራና ቀኝ ሣር ክዳን ጎጆዎቹ በረድፍ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ቆመዋል፤ ከየቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጀርባ ባሕር ዛፍ። መሃሉ ላይ ማንም አያርስም፣ ማንም ቤት አይሠራም። ሠርጉ እዚያ ይጨፈራል፣ ለቅሶው እዚያ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ እዚያ ይዳኛል፣ የመስቀል ደመራ እዚያ ይነዳል፣ ጥጃና ሕፃን እዚያው አብሮ ይውላል። ጀፎረን ገፋ አድርጎ አጥሩን ያስጠጋ ሰው በባህላዊው ሕግ በቂጫ ይጠየቃል። ንድፉን የሠራው መሐንዲስ አይታወቅም፤ ባለሙያዎች አሁን ስለ ከተማ አረንጓዴ ስፍራ የሚሉትን ሁሉ መንደሩ ሲኖርበት ኖሯል።

አንድ ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ጀፎረ ላይ የተራመደ ሰው ፏፏቴ አይናፍቅም። ከየጎጆው ጣሪያ ጭሱ በሣሩ መሃል ሰርጎ ይወጣል። አንዷ እናት በር ላይ ቆጮዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ምጣድ ላይ ትጥላለች፤ ቅጠሉ ሲያርር የሚወጣው ሽታ ከቆጮው ቀድሞ ያጠግባል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ይህን የሚያየው የቤቱ ልጅ ነው። ባዳ ከሆነ በማን በኩል ይገባል? ሳይጠራ ገብቶ ፎቶ ቢያነሳ ነውር ይባላል፤ ነውርም ነው። ከሰው መኖሪያ መሃል የሚገባ እንግዳ አስተዋዋቂ ያስፈልገዋል።

ለባዳ አስቀድሞ የተሰናዳ አገር ምን እንደሚመስል ልጥቀስ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርበት ሚኒሶታ የሚባል ግዛት አለ። የመኪናው ታርጋ ላይ ሳይቀር «10,000 ሐይቆች» ብሎ ይጽፋል። ብዙው መሬቱ በቆሎና ብርድ ነው፤ ነገር ግን የከተማው ሰው ዓርብ ማታ ዓሣ ማጥመጃውን ጭኖ ወደ ሐይቁ ሲወጣ፣ የት እንደሚያድር፣ ጀልባ ከማን እንደሚከራይ፣ በስንት እንደሚከራይ አስቀድሞ ያውቃል። ዘመድ አያስፈልገውም። ወደ ቅርባችን ስንመጣ ደግሞ ወንጪ አለች፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ካላቸው ተርታ ገብታለች። ወንጪ የሄደ አዲስ አበቤ ፈረስ ተከራይቶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ የፈረሱ ባለቤት ገበሬ ገንዘቡን በእጁ ይቀበላል። ከወሊሶ ወደ ወንጪ የሚታጠፈው ሰው ትንሽ ቢቀጥል እኛ ዘንድ ይደርስ ነበር፤ አይቀጥልም።

ጉራጌ ይህን መሥራት አይችልም የሚለኝ ካለ አልሰማውም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ የጉራጌ ነጋዴዎችና ሊስትሮዎች ሳንቲም አዋጥተው፣ መንግሥትን ሳይጠብቁ አገራቸውን መንገድ ያስገቡት በራሳቸው ማኅበር ነው። ያ መንገድ የተሠራው ወደ እናት ቤት ለመግባት ነበር። አሁን በዚያው መንገድ የሰው እናት ልጅም ይግባበት ነው የምለው።

የምጠይቀው ሎጅ አይደለም። ባለሀብት መጥቶ ጀፎረ ላይ የብሎኬት ግንብ ቢሠራ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። በየመንደሩ ሁለት ሦስት ጎጆ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት፤ ዋጋው በር ላይ የተጻፈ። ውኃ ነገር ከባድ ነው፣ የወልቂጤ የውኃ ችግር አገር ያወቀው ነው፤ ቢሆንም አንድ በርሜል ሞልቶ እንግዳ መጠበቅ አያቅትም። ዩኒቨርሲቲው የቱሪዝም ተማሪ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ጉራጊኛና አማርኛ የሚያውቅ ሥራ ፈት ተመራቂ ጉብሬ ላይ ሞልቷል፤ ጀፎረውን በሽማግሌዎቹ ፈቃድ የሚያስጎበኝ ከእነሱ የተሻለ ማን አለ? ከሚከፈለው ድርሻው ቆጮ ለጋገረችው እናት በቀጥታ ይድረስ፣ በኮሚቴ በኩል አይዙር። ኮሚቴ ያየሁት ይበቃኛል።

«መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ እንደሚቀድም አውቃለሁ። ባለፉት ዓመታት በዚህ አካባቢም በአጎራባችም የሆነው አይረሳም፤ ከጓዝ በፊት ስልክ ደውሎ መጠየቅ ደንብ ሆኗል። ሰላም የሆነ ሰሞን ግን፣ መስቀልና ዓረፋ ባይሆንም፣ ኑ። ከጉብሬ በአገና በኩል ሽቅብ ወጥቶ ወደ ቡታጅራ የሚወርደውን መንገድ ይዛችሁ፣ በጢያ ወደ አዲስ አበባ ብትመለሱ ሁለት ቀን ይበቃችኋል። ጃኬት ያዙ፣ ደጋው ላይ ያስፈልጋችኋል። ኮንትራቱን ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ።