ከሐይቁ ዳር ምን ትተን ተመለስን?



ውድ ወንድሞችና እህቶች! የዛሬው መልዕክታችን በቅድሚያ ለራሳችን ነው።

በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ሱብሒን ደሴ ሰግደን ወደ ሐይቅ ከተማ ወረድን። ከዚያ ወደ አርዲቦ ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ በእግር ተያያዝነው። ማሻአላህ! ግራና ቀኙ ጤፍና ማሽላ ነው። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከሩቅ እየሮጡ መጥተው ይጨብጡናል፤ ጀሪካን ያዘሉ እናቶች ሰላምታችንን ከነዱዓው ይመልሳሉ። ከኮረብታው ላይ ሐይቁ ብቅ ሲል ሁላችንም «ሱብሓነላህ!» አልን። ከስልክና ከከተማ ጫጫታ ወጥቶ የአላህን ፍጥረት ማስተንተን ልብን ያክማል። ስለዚህ «አትሂዱ» የሚል ነገር ከእኛ አትጠብቁ።

ዙህርን ሐይቁ ዳር በጀመዓ ሰገድን፤ ምሳ በላን፤ ፎቶ ተነሳን። ልንመለስ ስንል አንድ አዛውንት ገበሬ መጡ። ይቆጣሉ ብለን ስንፈራ ሰላም ብለውን አጠገባችን ተቀመጡ።

«ልጆቼ፣ ስትሰግዱ አይቼ ደስ አለኝ፤ አላህ ይቀበላችሁ። ግን ያ የረገጣችሁት ጤፍ የኔ ነው» አሉን።

ዞር ብለን አየን። ለፎቶ ብለን የገባንበት ማሳ መሐሉ ተኝቷል። ቀጠሉ፦ «ፌስታሉንም እባካችሁ አንሱልኝ። አምና አንዲት ጥጃ ፌስታል በልታ ሞታብኛለች።»

አንገታችንን ደፋን። እሳቸው ግን «በሉ ተነሱ፣ ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም!» ብለው ቤታቸው ወሰዱን። ማሳቸውን ለረገጥንባቸው ሰዎች ቡና ተፈላ። ከቁጣቸው ይልቅ ይሄ ደግነታቸው ነው እስካሁን የሚያሳፍረን።

አንዳንዶቻችን «ሐይቁ የአላህ ነው፣ የማንም አይደለም» እንላለን። እውነት ነው፣ ውሃ ሰዎች የሚጋሩት የአላህ ጸጋ ነው። ግን ሸሪክ የሆነ ሰው የሸሪኩን ድርሻ ያበላሻል እንዴ? እኛ ሐይቁ ዳር ግማሽ ቀን ውለን እንመለሳለን። ገበሬው ግን ከብቱን የሚያጠጣው፣ አትክልቱን የሚያለማው፣ ልጆቹን የሚያሳድገው እዚያው ነው።

ደግሞ ይህን ልብ እንበል። ከአርዲቦ የሚወጣው ውሃ ቁልቁል ወርዶ ሐይቅ ሐይቅ ይገባል። ሐይቅ ደግሞ በወንዝ የሚፈስበት መውጫ የለውም። «ውሃ ይወስደዋል» ብለን የወረወርነው ፕላስቲክ ወዴት ይሄዳል? የትም! እዚያው ይቀራል።

«ይሄን የሚያህል ሐይቅ ምን ይሆናል?» የሚል ካለ ሐረማያን ያስታውስ። ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረው ያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። ውሃው ከልክ በላይ ተቀድቶ፣ ከተራቆተው ተራራ የሚታጠበው ደለል ሞልቶት ነው። ከዓመታት በኋላ በአላህ ፈቃድ ውሃው ቢመለስም፣ ሐይቅም እንደሚሞት አይተናል።

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ከዘራው ሰብል ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት ነግረውናል። እኛ በጫማችን የጨፈለቅነውን ጤፍ ግን ሰውም ወፍም አልበላውም። ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገር ማንሳት የኢማን ቅርንጫፍ ነው ብለው አስተምረውናል። ታዲያ ጎጂውን ነገር እኛው ጥለን ስንመለስ ምን ሊባል ነው? ሰው በሚጠለልበት ጥላና በሚሄድበት መንገድ ላይ መጸዳዳትንም አጥብቀው ከልክለዋል።

ስለዚህ ቀጣዩን ጉዞ ስናስብ፦

ቆሻሻ መያዣ ማዳበሪያ ይዘን እንሂድ፤ የእኛን ብቻ ሳይሆን ከእኛ በፊት የተጣለውንም እንልቀም። በማሳ ድንበር እንሂድ፤ ለፎቶ ብለን ሰብል ውስጥ አንግባ። ሳናስፈቅድ የሰው ቤት፣ በተለይም እናቶችንና እህቶችን ፎቶ አናንሳ። ከውሃው ርቀን እንጸዳዳ። እንቁላልም ሆነ ማር የሚሸጥ ካገኘን ዋጋ ሳንከራከር እንግዛ። ሰላት ሲደርስ ደግሞ ቅርብ መስጂድ ካለ ከአካባቢው ሰው ጋር እንሰለፍ፤ ወንድማማችነቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ለአዛውንቱ ስለ ጤፉ ካሳ ልንሰጣቸው ብንል እምቢ አሉ። «ለሌሎቹ ልጆች ንገሩልኝ» ብቻ አሉን። ይኸው አደራቸውን አድርሰናል። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ለጉዞ ጓደኞቻችሁ አድርሱልን።

አላህ የገበሬዎቻችንን ሰብልና ከብት ይባርክላቸው፤ እኛንም የደረስንበትን ቦታ ከማበላሸት ይጠብቀን። አሚን!