ረዳቱ ይውረድ

በራቤልም ሆነ በመንዝና በመርሐቤቴ ትንንሽ ከተሞች በገበያ ቀን የመኪናው መንገድና የሰዉ መቆሚያ አንድ ነው። አይሱዙ ገብሱን አራግፎ በግ እስኪጭን ከኋላው አህያ ይቆማል፣ ሴቶች እቃቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ጭነቱ ሲያልቅ ሹፌሩ የኋላ ማርሽ ያስገባል። ስፖኪዮው የሚያሳየው የመኪናውን ግራና ቀኝ ጎን ነው፤ ከጭነቱ ጀርባ የተቀመጠ ሕፃን ለሹፌሩ የለም ማለት ነው። አደጋ ሲደርስ “የጥንቃቄ ጉድለት” ብለን እናልፈዋለን። የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ግን ሰው ያላየውን አያድንም።

አሜሪካኖች ይህን የተረዱት ብዙ ልጆች ካለቁባቸው በኋላ ነው። የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤታቸው ወደ ኋላ በሚሄዱ መኪኖች በዓመት 210 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር፤ ከሟቾቹ ሲሶ ያህሉ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሕግ የሚጠራው አባቱ መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ሳያየው በገጨው የሁለት ዓመት ልጅ ስም ነው። ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩ አዳዲስ ቀላል መኪኖች ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል።

ታዲያ እኛም ካሜራ እንግጠም? የሚችል ይግጠም። ነገር ግን እዚያው አሜሪካ የመድን ድርጅቶች የጥናት ተቋም ባደረገው ጥናት ካሜራ የዚህ ዓይነቱን ግጭት የቀነሰው በ17 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ የሸፈነው ካሜራ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚጠቅመው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዳዲስ መኪኖች ካሜራ ይዘው ቢመጡም፣ በግና ገብስ የሚያመላልሱት አሮጌዎቹ አይሱዙዎች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ።

እኛ ዘንድ ግን ብዙ አገር የሌለው ሰው አለ፤ ረዳቱ። “እሱማ ድሮም ያስመልሳል” የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ግን እንዴት? በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ወይም ሹፌሩ በማያየው በኩል ከመኪናው ጀርባ ሆኖ “ና! ና!” እያለ ነው። መኪና በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እንኳ ቢሄድ በአንድ ሰከንድ 1.4 ሜትር ይጓዛል። በገበያው ጫጫታ መሐል “በቃ!” የሚለው ጩኸት ተሰምቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ የሚያልፈው ይህችው ሰከንድ ናት። በመኪናና በግንብ መሐል ሊጣበቅ የሚችለውም ራሱ ረዳቱ ነው። ስለዚህ ይውረድ፤ ከመኪናው ጀርባ ሳይሆን ከኋላ በግራ ጥግ ወጣ ብሎ፣ በሹፌሩ ስፖኪዮ በሚታይበት ቦታ ይቁም፤ በድምፅ ሳይሆን በእጁ ያሳይ። ሹፌሩም ረዳቱ ከስፖኪዮው በጠፋ ቁጥር ያቁም። ረዳት የሌለው ሹፌር ራሱ ወርዶ መኪናውን አንዴ ይዙር።

ጊዜ ይፈጃል ለሚል፣ በግ ሲጭን የዋለ መኪና አንድ ደቂቃ አይቸግረውም። እናቶች ልጆቻቸውን ይጠብቁ የሚለው ክርክር ደግሞ ለእኔ ከሁሉም የከፋው ነው፤ እናትየው እዚያ የተገኘችው ለመሸጥ ነዋ።

መንግሥትም የሚሠራው አለ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል። ቦሎ ከመለጠፉ በፊት የኋላ ማርሽ መብራትና የማስጠንቀቂያ ድምፅ መሥራታቸው በእርግጥ ይታይ። ማዘጋጃ ቤቶችም ለመኪና መጫኛ መግቢያና መውጫ ለየብቻ ቢያበጁ፣ አብዛኛው አይሱዙ ጭኖ ሲወጣ የኋላ ማርሽ ማስገባት ራሱ አያስፈልገውም።