«አይዞህ» ብቻውን ሊማሊሞን አያወርድም

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞን መንገድ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገደሉን እየፈለጡ ያወጡት ጥምዝምዝ ነው። ለጀማሪ ሾፌር «አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» ማለት ምክር ይመስላል፤ ነገር ግን በምን ቀስ እንደሚባል አይነግረውም። ምስኪኑ ፍሬኑን ረግጦ ይወርዳል፤ ፍሬኑ ይግላል፣ በመጨረሻም መያዙን ይተዋል። ዐዋቂው ሾፌር ግን ከጎኑ ተቀምጦ፣ «ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገባ፤ መኪናውን ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑን እየነካህ ልቀቅ፤ ፎሌ እንዳታደርግ» ይለዋል።

ይህን ያነሣነው ስለ መኪና ለመጻፍ አይደለም። ካልኩለስ ያቃተው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ርዳታ ሲጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «በርታ፣ አንብብ፣ ይህ እኮ ቀላል ነው» የሚል ነው። (እኛም ነባሮቹ ብለናል፤ አንክድም።) ማንበቡንማ ሌሊቱን ሙሉ አንብቧል፤ የቸገረው የቱ መስመር ላይ እንደ ሳተ ማወቁ ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰነፉ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን በትሕትና እንለምናለን፤ ተማሪው ስሌቱን በፊታችሁ እንዲሠራ ግማሽ ሰዓት ስጡት። ነባር ተማሪዎችም ማታ ማታ ከአንድ ጀማሪ አጠገብ እንቀመጥ። ጠመኔውን ማኅበሩ ያቀርባል።