ስለ ፀሐይ ኃይልና ስለ ተማሪዎች ምርምር

የአንድ ምርምር ዋጋ በተጀመረበት ዓመት በሚሰጠው ፍሬ ብቻ ሊመዘን አይገባውም። ለዚህም በቂ ምስክር የሚሆነው፣ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል በሚለውጡ ስስ ሽፋኖች ላይ የተደረገው ጥናት ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. ኤድሞን ቤክሬል የተባለ የ19 ዓመት ፈረንሳዊ ወጣት ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያስገኝ እንደሚችል ተመለከተ። በዚያው ዓመት ጉስታቭ ሮዘ የተባለ የጀርመን ሊቅ ከኡራል ተራሮች የተገኘውን አዲስ ማዕድን መርምሮ፣ ለሩስያዊው ሹም ለሌቭ ፔሮቭስኪ መታሰቢያ ፔሮቭስካይት ብሎ ሰየመው። የሁለቱ ግኝቶች መንገድ ግን የተገናኘው 170 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በመካከሉ በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ሊቃውንት ከሲሊኮን የተሠራ መሣሪያ አወጡ፤ እስከ ዛሬም ገበያውን የያዘው ይኸው ሲሊኮን ነው። ነገር ግን እርሱን ለማቅለጥ ከ1400 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ያስፈልጋል።

በ2009 ዓ.ም. በጃፓን አገር በዮኮሃማ ከተማ፣ ፕሮፌሰር ጹቶሙ ሚያሳካ በሚመሩት ቤተ ሙከራ፣ አኪሂሮ ኮጂማ የተባለ የዶክትሬት ተማሪ ከባልደረቦቹ ጋራ የምርምሩን ውጤት አሳተመ። የሞከረውም ነገር የፔሮቭስካይትን አሠራር የያዘ፣ እርሳስና አዮዲን ያለበት ውሁድ ነበር። መሣሪያው ከተቀበለው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው ከመቶ 3.8 እጅ ብቻ ነው፤ በውስጡ የነበረውም ፈሳሽ ሽፋኑን ፈጥኖ ያሟሟው ነበር። ለጥቅም ብቻ የሚመለከት ሰው ይህን ሥራ ከንቱ ድካም ነው ባለ ነበር።

ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ፣ እንዲሁም በኮርያ የሚገኙ ተመራማሪዎች ፈሳሹን አስወግደው በጠጣር ነገር ስለ ተኩት፣ ውጤቱ ወደ 10 እጅ ገደማ ከፍ አለ። ሽፋኑም የሚዘጋጀው ቀለም በብራና ላይ እንደሚደርቅ፣ ውሁዱን በጥብጦ በመስተዋት ላይ በማፍሰስና በጥቂት ሙቀት በማድረቅ ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ እጅ ያንሳል። በሲሊኮን ላይ ሲደረብም እያንዳንዱ የሚስማማውን የብርሃን ቀለም ስለሚቀበል፣ በ2024 ዓ.ም. ሎንጂ የተባለው የቻይና ኩባንያ ከመቶ 34.6 እጅ ደረሰ። ሲሊኮን ብቻውን ከ29 እጅ ብዙ ሊያልፍ አይችልም።

ሆኖም የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል። ይህ ከፍተኛ ቍጥር የተገኘው ከአውራ ጣት ጥፍር በማይበልጥ ስፋት ላይ ነው። በዚያው ዓመት ኦክስፎርድ ፒቪ የተባለው ኩባንያ ለሽያጭ ያቀረበው ሰፊ ገበታ ግን 24.5 እጅ ይለውጣል። ርጥበት ብራናን እንደሚያበላሽ ሁሉ ይህን ሽፋንም ያበላሸዋል፤ ሙቀትም ያደክመዋል። የሲሊኮን ገበታ ግን 25 ዓመት ዝናምና ፀሐይ ይችላል። ከዚህም በላይ በሽፋኑ ውስጥ ያለው እርሳስ መርዝ ስለ ሆነ፣ ወደ ውኃና ወደ አፈር እንዳይገባ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ገንዘብ የሚመድብ ሹም፣ ምን ያህል ኃይል ይሰጣል ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ ስንት ዓመት ይቆያል ብሎ ደግሞ መጠየቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ሁለት ነገር ተለይቶ መታወቅ አለበት። ዕቃ ሲገዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ተማሪ ሲመረምር ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። የገዢን ጥንቃቄ በተማሪ ላይ የሚጭን መንግሥት 3.8 እጅን ንቆ 34.6 እጅን ያጣል፤ የተመራማሪን ተስፋ ይዞ ወደ ገበያ የሚወጣም የሕዝቡን ገንዘብ ያባክናል። የሰናፍጭ ቅንጣት ታናሽ ናት ተብላ አትጣልም፤ ዛፍ ሳትሆን ግን ጥላዋ አይሸጥም።