መጻሕፍቱ ከቡፌው ይውረዱ

«የንባብ ባህላችን ሞተ» የሚል ንግግር ያልሰማ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ተከሳሹም ሁሌ ወጣቱ ነው፤ ድሮ በቪዲዮው፣ ዛሬ ደግሞ በስልኩ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እናቱ ወይም አባቱ መጽሐፍ ሲያነቡ እያየ ያደገው ስንቱ ነው?

መጽሐፍማ በብዙ ቤት አለ። ያለው ግን ቡፌው ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆና ከሠርግ ፎቶ ጋር ተቆልፎበት ነው። ሕፃኑ «እንዳትቀደው!» ይባላል። አድጎ ልብ ወለድ ይዞ ሲገኝ ደግሞ «ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይሉታል። ስለዚህ ደብተር ውስጥ ደብቆ ማንበብ ይለምዳል። ማንበብ ማለት ማጥናት፣ ማጥናት ማለት ፈተና ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ተመርቆ የወጣ ሰው መጽሐፍ ባይነካ ምን ይገርማል?

መፍትሔው «ለልጆቻችሁ መጽሐፍ ግዙ» ማለት ብቻ አይደለም። እኛ ቤት ለብቻ ተቀምጦ በዝምታ ማንበብ እንደ ኩርፊያ ነው የሚቆጠረው (እውነት አይደለም እንዴ?)። ጮክ ብሎ ማንበብ ግን እንግዳችን አይደለም። ማለዳ ዳዊት የሚደገምበት ቤት ሞልቷል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወደ ብዙ ቤት የገባው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ ሰብለወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጅ ያውቋታል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ወጣት ተማሪዎች አዋቂዎችን አስተምረዋል። ልጅ ለትልቅ ሰው ቢያነብ ነውር የለውም ለማለት ነው።

ቡና ከአቦል እስከ በረካ የሚወስደው ጊዜ አንድ ምዕራፍ ያስነብባል። የመጽሐፍ ዋጋ አይቀመስም የሚለው እውነት ነው፤ ግን ለአንድ ቤተሰብ አንድ መጽሐፍ ይበቃል፣ እሱንም ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ማግኘት ይቻላል።

ክረምት ላይ ቤታችን ሞክረነው ነበር። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ እህቴ ታነባለች፣ ማንበብ የማይችሉት አያታችን ያዳምጣሉ። በየመሃሉ «ቆይ እስቲ፣ ሰውየው ምን አለ አልሽ?» እያሉ ስለሚያስቆሟት አንዱ ምዕራፍ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አባታችን የማይሰማ መስሎ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሳል። ሳንጨርሰው ትምህርት ተከፍቶ መጣሁ። በቀደም ስደውል ሁለት ምዕራፍ ቀርቷቸዋል። እህቴ ቀድማ አንብባ መጨረሻውን እንዳታበላሽባቸው፣ እማማ መጽሐፉን ትራሳቸው ሥር ነው አሉ የሚያሳድሩት።